ከጓደኛው እኩል የሆነው ክር

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የተንጠለጠለ ክር አይቼ አልፌ አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ከግራ ዓይኗ ሥር አልድን ያለ ቁስል ወጣባት። የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣላትና ሥጋውን ብልቃጥ ውስጥ ከቶ ሰጠኝ። "እትዬ፣ ማዶ ላለው ላብራቶሪ ያድርሱልኝ። ጠርዙ ላይ የቀረ ካንሰር መኖሩን ያዩልናል" አለኝ።

ደረጃው ላይ ሳየው ከክዳኑ ሥር ክር ብቅ ብሏል። ምን ዓይነት ዝርክርክ ሥራ ነው ብዬ ከፈትኩት። ሥጋው የተነከረበት መድኃኒት ሽታ ዓይኔን አስለቀሰው። ሥጋው ላይ ሁለት ክር ታስሯል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ከአንገቴ በማትለየው መቀሴ ረጅሙን ከጓደኛው እኩል አደረግኩትና ክዳኑን ገጥሜ አደረስኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ሐኪሙ ሁለታችንንም ጠራን።

"በአንደኛው ክር በኩል ካንሰሩ ጠርዙ ድረስ ደርሷል። የቀረ ስለሚኖር እንደገና መቁረጥ አለብኝ። በዓይን በኩል አጭር ክር፣ በጆሮ በኩል ረጅም ክር አስሬ ነበር። ላብራቶሪ ሲደርስ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ካልለየናቸው በሁለቱም በኩል ልቆርጥ ነው፤ የዓይኗን ቆብ ጨምሮ።"

እህቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ የምትኖረው በዓይኗ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ለምን?"

"ተንጠልጥሎ አስጠላኝ።"

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። "የሰው ቤት መጋረጃ ስትከረክሚ ኖረሽ ኖረሽ የእኔ ጉንጭ ላይ ደረስሽ" አለች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"ፎቶ አላነሱትም?"

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው። ላብራቶሪው ሥጋውን ከመክተፉ በፊት አጉልቶ አንስቶታል፤ ካንሰሩ የደረሰበትን ጠርዝም በቀስት አሳይቷል። የአንዱ ክር ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ቀስቱ ባለበት በኩል ያለው ክር ግን በሰያፍ ተቆርጦ ሾሏል።

"የሾለው የእኔ ነው" አልኩ። "መርፌ ቀዳዳ ቶሎ እንዲገባ ክር የምቆርጠው በሰያፍ ነው። ረጅሙ እሱ ነበር፤ የጆሮው።"

"እርግጠኛ ነዎት? የዓይን ጉዳይ ነው።"

"ክር ያምጡልኝ።"

አሥር ጊዜ ቆረጥኩለት፣ ዓይኔን ጨፍኜም ጭምር። አሥሩም እንደ ፎቶው ሾሉ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አስተያየና ቀጠሮ ጻፈ።

በጆሮዋ በኩል ብቻ ቆረጠ። ሁለተኛውን ብልቃጥ ሲሰጠኝ እህቴ ፊቷ በፋሻ እንደተሸፈነ እጇን ዘረጋች።

"መጀመሪያ መቀስሽን።"

ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

ጠርዙ ንጹህ ነው ተባለ። ሐኪሙ በየጊዜው እየመጣች ትታይ ብሏል፤ እየጎተትኩም ቢሆን እወስዳታለሁ። ሥራ በጀመረች ቀን በመቀሴ ክር በሰያፍ ቆረጠች፣ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አነሳችና በአንድ ጊዜ አስገባችው። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። መቀሴን እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።