የነነዌ ማክሰኞ በለሜሳ ግቢ

ለሜሳ የበሬውን ቆዳ እስከ ወገቡ ገፎ ቢላዋውን ሲስል ውባለም በአጥሩ በር ገባች። ገና ማለዳ ነው። የጉለሌ ብርድ አልለቀቀም፤ ከሥጋው ላይ እንፋሎት ይነሣል። ለሜሳ በሰንጋው ኮርቷል። የካቲት ዐሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ተራው የሱ ነው፤ በዚህ ማኅበር ደግሞ እንዲህ ያለ በሬ የጣለ ሰው የለም።

"እንዴት አደርሽ ውቤ! ነይማ፣ ሻኛውን እዪው!"

ውባለም ሻኛውን አላየችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

"አንተ ለሜሳ፣ ምን ነካህ? ነነዌ እኮ ነው!"

"ምን?"

"የነነዌ ጾም። ትናንት ገባ፣ እስከ ነገ ነው። እሑድ መምሬ ብርሃኔ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ እኮ። አልነበርክም እንዴ?"

አልነበረም። ነነዌ እንደ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ የሚመላለስ ጾም አይደለም፤ በዓመት አንዴ፣ ለሦስት ቀን፣ ያውም ቀኑን እየለዋወጠ ነው የሚመጣው። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ይሰማዋል፣ ያልሳመ ያመልጠዋል። ለሜሳ ከጥምቀት ወዲህ ደጀ ሰላም አልረገጠም። እሑድ እሑድ ካፖው እንጦጦ ላይ ድኩላ ሲያድን መንገድ መሪው እሱ ነው። ካፖው የጣሊያኖቹ የግንባታ አለቃ ነው፤ የለሜሳን ባሕር ዛፍ በካሚዮን እያስጫነ የሚወስደው እሱ፣ በዚያው ሰበብ የሣር ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰውም እሱ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ተጠርቷል። የከርሞው የእንጨት ውል የሚፈረመው ከምሳው በኋላ ነው። በሬው ለሚካኤል ታረደ ይባል እንጂ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግማሹ ለካፖው ነበር።

"ጌጤ!" ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ቅቤ የነካ እጇን እያሻሸች ከማድቤት ወጣች።

"ነነዌ ገብቷል እንዴ?"

"ማን አለ? እኔ እንጃ..." ጌጤ ፊቷ ተለዋወጠ። "ወይኔ! ትናንት ዶሮ በልተናል እኮ!"

ሽንኩርት ከሚከትፉት ጎረቤቶች አንዷ ቀና አለች። "እኛማ አውቀናል። ከመምሬ ያስፈቀዳችሁ መስሎን ነው እንጂ። ደሞ የትልቅ ሰው ቤት ገብቶ ማን ይናገራል?"

ትልቅ ሰው መባል ለሜሳን እስከ ትናንት ድረስ ደስ ያሰኘው ነበር። አሁን አንገቱን አስደፋው።

በዚህ መሐል ሀብተ ጊዮርጊስ አንድ ዳምጃን ቪኖ፣ በትልቅ ጠርሙስ የተሞላ የጣሊያን ወይን ጠጅ፣ አሸክሞ ከች አለ። የእህል ነጋዴ ነው፣ የማኅበሩም አለቃ። ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"እኔም ረስቼዋለሁ! አይ እኛ፣ ስንጠግብ ጊዜ! በቃ፣ ምንም ችግር የለውም። ጥብሱ ለካፖው ይቅረብ፣ ለኛ ሽሮ ይሠራ። የቀረው ሥጋ ይሰቀልና ሐሙስ እንበላዋለን። ማን ያውቅብሃል?"

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ሥጋው አይበላሽም፣ ውሉ አይፈርስም፣ ማኅበሩም ጾሙን ይይዛል። ለሜሳ እሺ ሊል አፉን ከፈተና ውባለም አሁንም በሩ ላይ መቆሟን አየ።

"ለመሆኑ በማለዳ ምን እግር ጣለሽ?"

"ልጠራችሁ ነበር።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ የቶለሳ ሙት ዓመት ነው። ሦስት ዓመቱ። ለጣሊያኖቹ እንዳይታይ በቀስታ ነው የማደርገው፤ ንፍሮ ቀቅያለሁ። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ ለአፍታ ብቅ ቢልልኝ ብዬ ነበር። እናንተ ግን ድግስ አላችሁ።"

ለሜሳ በዚህ ወር ውስጥ "የካቲት ዐሥራ ሁለት እንዳትቀሩ" ያላለው ሰው የለም። ስንቱን ሲጠራ ቀኑን አንዴም ልብ አላለውም። እሱና ቶለሳ በአንድ መጥረቢያ እየተፈራረቁ እንጨት ፈልጠው ያደሩ ሰዎች ናቸው። ያን የካቲት ዐሥራ ሁለት ጣሊያኖች ጉለሌን ሲያነዱ አብረው ወደ ዳገቱ ሮጡ፤ ቶለሳ ሚስቱን ውባለምን ሊያወጣ ተመለሰና በዚያው ቀረ። ለሜሳ ሦስት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቅጠል ለብሶ ተኛ። "ሚካኤል፣ ከዚህ ብቻ አውጣኝ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅህም" አለ። ወጣ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ጠይቆት አያውቅም።

አፈረ። ጾሙን ረሳሁ ቢል ንስሓ አባቱ ቀኖና ይሰጡታል። ቶለሳን መርሳቱን ግን ለማን ይናገራል?

ቢላዋውን አስቀመጠና ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ጓዳ ገብቶ ካለፈው ወር ጀምሮ እሱ ቤት የተቀመጠውን የማኅበሩን ጽዋ በመሸፈኛው እንደ ተጠቀለለ ይዞ ወጣ።

"ውቤ፣ ማኅበሩ ዛሬ አንቺ ቤት ነው።"

"እኔ ቤት? ምን አለኝና? ከንፍሮ በቀር..."

"ሁለት ጊዜ ተራሽን ዘለልንሽ። አቅም የላትም ብለን። ያዘንንልሽ መስሎን ነበር።"

የሀብተ ጊዮርጊስ ሳቅ ጠፋ። "አብደሃል? በዛሬ ቀን? ራሳቸው የገደሉት ሰው ቤት ተሰብስበን? ካራቢኜሪው መጥቶ ለምን ተሰበሰባችሁ ቢልስ?"

"የመሰብሰቢያ ፈቃዱን ያወጣሁት ለሚካኤል ማኅበር ነው። ያው ማኅበር ነው፣ ቤቱ ብቻ ተለወጠ።"

"ውሉስ?"

"እንጨት ከፈለገ ይገዛል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ደሞ ይህን ሁሉ ባሕር ዛፍ ከሮማ ሊያስመጣ ነው?"

ሀብተ ጊዮርጊስ ዳምጃኑን አስወረደ። ይከተል ይቅር ገና አልወሰነም። ውባለም ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ መንገድ ጀመረች። ሽንኩርት ከታፊዎቹም ቢላዋቸውን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ተነሡ።

ለሜሳ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ጌጤ ከኋላው ሮጠች።

"ካፖው ሲመጣስ? ምን ልበለው?"

ቆም ብሎ አሰበ። ታሟል በዪው ማለት ይችላል። መንገድ ሄዷል ማለትም ይችላል።

"የቶለሳ ሙት ዓመት ላይ ነው በዪው። መምጣት ከፈለገ የውባለምን ቤት አሳዪው። ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም፤ ከራበው እንደኛ ይጠብቅ።"