በጠራው ፍሬ ገበያ ያየሁት

ፀሐይ ከመናገሻ ተራራ ኋላ ስትጠልቅ፣ የውሃ ጠርሙስ ፋብሪካ ባለቤት የሆንኩት እኔ በቢሮዬ ወንበር ላይ ኩርምት ብዬ ተቀምጬ ነበር። ማሽኖቼ ከቆሙ ሦስት ሳምንት አልፏል። ጠርሙስ የሚሠራበት፣ ፔት የሚሉት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ፍሬ የሚመረተው ባሕር ማዶ ነው፤ ዋጋውም የሚቆረጠው እዚያው ነው። እኛ መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። የዚህ ወር ዋጋ ግን ከዐቅሜ በላይ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ሃያ ስድስት ሠራተኞቼን ሰብስቤ ላሰናብት ቆርጫለሁ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜም ዘመኑ ተለውጦ፣ በገዛ አገሬ ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠሉ አሮጊት ከፊቴ ቆመው ይስቃሉ።

«ስኂን እባላለሁ፤ የገበያው ሹም ነኝ። ቀና በል ልጄ፣ እንግዳ እንዲህ ይኮማተራል እንዴ?» አሉኝ።

ተከተልኳቸው። የተሻገርነው ወንዝ ከመጥራቱ የተነሣ ጠጠሩ ይቆጠራል፤ አንድም ጠርሙስ አይንሳፈፍበትም። በየቤቱ ደጃፍ ቅርጫት ተሰቅሏል፤ ባዶ ጠርሙስ ታጥቦ እዚያ ይቀመጣል። ሰብሳቢዎቹ ሲያልፉ፣ በእኛ ዘመን አፍንጫ የሚያዝባቸው ማለቴ ነው፣ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ልቤ በደስታ ተመላ፤ ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ ታላቅ አዳራሽ ገባን። የቻይና፣ የህንድ፣ የቱርክ፣ የናይጄሪያ ነጋዴዎች እንደ በረዶ ጠጠር በሚያበራ ፍሬ ዙሪያ ይጋፋሉ። የገበያቸው ልማድ ደስ ይላል። ከፍሬው አንድ እፍኝ ቀልጦ እንደ ሰሌዳ ይጋገርና በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይነጠፋል። ገዢው በሰሌዳው ውስጥ እያየ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሳይደናቀፍ ከጨረሰ ይገዛል።

«እናቴ፣ ዋጋውን ማን ይቆርጠዋል?»

«ቀድሞ ባሕር ማዶ ያሉት ቆርጠው ይነግሩን ነበር። አሁን ፍሬያችን ስለጠራ አብረን ተቀምጠን እንቆርጣለን።»

«ፍሬው የሚወጣው ከነዳጅ ነው፤ ነዳጅ የሌለን ሰዎች ይህን ሁሉ ፍሬ ከየት አመጣነው?»

«ከጣላችሁት ነዋ! ያ ሁሉ ጠርሙስ ተጠጥቶ ሲያልቅ የት የሄደ መሰለህ?»

ይህን ስንባባል አንድ ገዢ ንባቡ ተሰናከለበትና ሰሌዳውን ገፋ አደረገው። ሰሌዳው ደፍርሷል።

«ይህስ የማን ጥፋት ነው?» አልኩ።

«ያንተ። ጥቂት ሰማያዊ ጠርሙሶችህ ገብተው ክምሩን ሁሉ አበላሹት።»

«ቀለሙን የጨመርኩት እኮ ውሃው ቀዝቃዛ እንዲመስል ብዬ ነው!»

«ውሃው ሞቀኝ ብሎ ከሰሰህ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ሰብሳቢዎቹ ያንተን ጠርሙስ አንሥተው መልሰው ይጥሉታል፤ የሚገዛቸው የለማ። እንጀራችሁን ደጃፋችሁ ላይ ጥላችሁ መርከብ ትጠብቃላችሁ።»

 በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ጋሼ! ጋሼ! እዚሁ አደሩ እንዴ? ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅዎታል።» የቀሰቀሰኝ የፈረቃ ኃላፊያችን ዲሪባ ነበር።

ወጣሁና ያየሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ ጠርሙስ እንደማንሠራ፣ ማንም እንደማይሰናበት፣ ማሽኑ እስኪነሣ ድረስ አሮጌ ጠርሙስ ሰብስበን፣ ለይተንና አጥበን የራሳችንን ፍሬ እንደምናዘጋጅ ተናገርኩ። ወራቱ ክፉ እንደሚሆኑም አልሸሸግሁም።

«ካልተሳካስ?» አለ ዲሪባ።

«ሳልሞክር በር አልዘጋም።»

ከኋላ ቶለሺ እጇን አነሣች። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀለሙን እየመጠነች ማሽኑ ውስጥ የምትጨምረው እሷ ነበረች።

«እኔስ ጋሼ? ሥራዬ ሰማያዊ መጨመር ነበር። ከእንግዲህ ምን ልሠራ ነው?» አለች።

«ሰማያዊን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከክምሩ ውስጥ የምትለቅሚው አንቺ ነሽ።»

ይህንም የጻፍኩት እንደ እኔ ውሃን በቀለም ለሚያቆነጁ ባልደረቦቼ ነው፤ በየስብሰባውም ቆሜ እናገረዋለሁ። ቶለሺ የዚያኑ ዕለት ከቀትር በፊት የመጀመሪያውን ሰማያዊ ጠርሙስ ከክምሩ አወጣች። የእኛው ስም ነበረበት።