ስድሳ ሊትር የባሕር ውሃ

ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ እህቱ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እሱ ክፉ ስናገር የሚሰማኝ ሰው አስቀድሞ እኔን ይስደበኝ። እናታችን ስትሞት እሱ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የኤሌክትሪክ ሙያዬን የተማርኩት እሱን በጀርባዬ አዝዬ ነው። ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ አልነው። ዛሬ ዘጠና ኪሎ ሆኗል፤ የተጋጨ መኪና ላሜራ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ ስሙ ግን አሁንም ድንቡሼ ነው። ሚስቱን የሚደበድበውም ይኸው ድንቡሼ ነው።

ሚስቱን ሙሽሪት እላታለሁ። ከተጋቡ ስድስት ዓመት አለፋቸው፣ ስሙ ግን እንደ ሠርጓ ቀን ቀረ። ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ትሠራለች። ቀን የሰው ደም ስትመረምር ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የራሷን ከወለል ትወለውላለች። ገና በመጀመሪያው ዓመት ድንቡሼ የፊት ጥርሷን አወለቀው። ሐኪሙን "መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። እሷንም "ምላስና ጥርስም ይጋጫል" ብዬ መከርኳት፣ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ይዛ ለተቀመጠች ሴት። በሁለተኛው ዓመት ክንዷን ሲሰብረው ከመሰላል ጣልኳት፣ በአፌ። ፖሊሱም ሐኪሙም አመኑኝ። ትልቅ ሰው የምመስል፣ ቁም ነገረኛ ባለሙያ ነኝ፤ ለምን አያምኑኝም?

ሙሽሪት ሳሎኗ ጥግ በብረት መቆሚያ ላይ ስድሳ ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አላት። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የምታረባው የባሕር ዓሣ ነው። ጨዉን በባልዲ ትበጠብጣለች፣ በመለኪያ ሳታይ አንድ ጠብታ አትጨምርም። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ፓምፕ ይቆማል። እንዲህ ባለ ትንሽ ውሃ ውስጥ አየሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ዜና የሚባለው የመብራት መጥፋት ሳይሆን መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሙሽሪት መብራት እስኪመጣ ድረስ ውሃውን በኩባያ እየቀዳች መልሳ ከላይ ታፈሳለች፤ አየር እንዲገባው። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ አምስት።

ድንቡሼ ይህን አየ። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ያዘ። "ንቅንቅ ትዪና!" አላት። ከአምስቱ ዓሦች ሦስቱ ዓይኗ እያየ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ መብራት እስኪጠፋ መጠበቁንም ተወው። ሲናደድ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ዋናውን የመብራት ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ ቁልቁል ይስበዋል። በቡጢ ሲመታት ድምፅ አታወጣም ነበር፤ ብሬከሩን ሲስብ ግን ትለምነዋለች። እሱ የሚፈልገውም ልመናዋን ነው።

ያኔ ነው ባትሪና ኢንቨርተር ወደምጠግንበት ሱቄ የመጣችው።

"እትዬ፣ መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ እንዳይሞቱብኝ አንድ ነገር ይሥሩልኝ" አለችኝ።

ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ስለ ራሷ እኔን መለመን ድሮ ትታዋለች። አፈርኩ። እኔ ደግሞ ሳፍር እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው፤ "የሰው ልጅ አልቆ ለዓሣ ይታሰባል?" ብዬ አመናጨቅኳት። ቢሆንም ሠራሁላት።

የሠራሁላት አንድ ደረቅ ባትሪና፣ መብራት ሲቋረጥ በራሱ ወደ ባትሪ ዞሮ እንደ ቤቱ መብራት ያለ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ኢንቨርተር ነበር። ፓምፑንና ውሃው ውስጥ የተነከረውን ማሞቂያ አገናኘሁበት፤ አምፖሉን ተውኩት። ዓሣን ጨለማ አይገድለውም፣ አየር ማጣት ነው የሚገድለው፤ አምፖል ባትሪውን በከንቱ ይበላል። ሁሉንም ከመቆሚያው ሥር ባለች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ስጨርስ "ዋናው ቢጠፋም ኃይል አለው፣ አትንኩ" የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። የሙሽሪት ሣጥን ላይ አልለጠፍኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ ረስቼ ነው እላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ልፈትሽ የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ በሩን የከፈተችልኝ ሙሽሪት ነች። ገና ሣጥኑን ሳልከፍት ድንቡሼ ገባ። በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ስልክ ለምን አታነሺም?" አላት ሙሽሪትን።

"ላብራቶሪ ነበርኩ፣ ጓንት አድርጌ..."

በጥፊ አላት። ጭንቅላቷ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመ። ተንሸራታ ስትቀመጥ በእግሩ ሆዷን ረገጣት፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ።

"ተው ድንቡሼ! ተው አልኩህ!"

"እታለም፣ አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ።"

ሸሚዙን ከኋላ ጨምድጄ ሳብኩት። ዞሮ በሁለት እጁ ሲገፈትረኝ ሄጄ አኳሪየሙ ሥር ተዘረርኩ። የጎኔ አጥንት ቀጭ ሲል ተሰማኝ። እኔ ላይ እጁን ያነሳው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ የወደቀ ኮት ያህል አልቆጠረኝም። ስድስት ዓመት ስዋሽለት የኖርኩት እኔን አይነካም ብዬ ነበር። ያን ያወቅኩት እዚያ ወለል ላይ ተኝቼ ነው።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ብሬከሩን ሳበው። የአኳሪየሙ አምፖል ጨለመ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ።

"በይ ዓሦችሽን ደህና ሁኑ በያቸው!" አለ እየተመለሰ።

ወዲያው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ድንቡሼ ፊቱ ተለዋወጠ። አምፖሉን አየ፣ ጨለማ ነው፤ ውሃውን አየ፣ ይፈላል።

"ማነው ይሄን የሠራው?"

የሙሽሪትን ፀጉር ጠቅልሎ ያዘና ፊቷን ከጉልበቱ ጋር አላተመው። "ማነው?" አፍንጫዋ ደም ተፋ። ደገመው። ስሜን አልጠራችም። ለስድስት ዓመት ጥርሷን፣ ክንዷን በውሸት ስሸፍንባት የኖርኩትን እኔን፣ እሷ በፊቷ ሸፈነችኝ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ ከወለሉ።

ሳቀ። "እታለም? አንቺ? በእኔ ላይ?" ፀጉሯን ለቀቀና ወደ አኳሪየሙ መጣ። "ነቅዬ ነው የምጥለው!"

የእኛ ሰው አምፖሉንም ኃይሉንም "መብራት" ነው የሚለው፤ አምፖሉ ከጨለመ ሁሉም የሞተ ይመስለዋል። በግራ እጁ የብረት መቆሚያውን ጨብጦ ቀኙን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ሰደደው። "እንዳትነካ" ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አፌንም ከፍቻለሁ። አላልኩም። ማሞቂያው የመስታወት ቱቦ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲይዝ አጥብቆ ነው። ቱቦው መዳፉ ውስጥ ደቀቀ።

ጨዋማ ውሃ ኃይልን እንደ ልቡ ያስተላልፋል። ድንቡሼ ቀጥ አለ። ጥርሱ ምላሱ ላይ ገጠመ፣ ደም በአገጩ ወረደ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከጉሮሮው ኧ ኧ ኧ የሚል ድምፅ ብቻ ይወጣል። ሊለቅ አልቻለም፤ ውሃው ቀላ፤ የሚቃጠል ሥጋ ሸተተኝ።

የኢንቨርተሩ ማጥፊያ ከፊቴ አንድ ስንዝር ነበር፤ ገፍትሮ የጣለኝ እዚያው ጋ ነው። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ሙሽሪትን አየኋት። አንድ ዓይኗ ተደፍኗል፤ በሌላው ታየኛለች። አጥፊው አላለችም፣ ተዪው አላለችም። አንድ። ገና ሳይራመድ ልብሴን ይዞ የሚነሳው ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሁለት። ሦስት። አጠፋሁት።

እንደ ጆንያ ተዘረጋ። ደረቱ ግን ይወጣል ይወርዳል። መዳፉ ተተርትሮ ነጭ ነገር ይታይበታል። ላዩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ "ድንቡሼዬ፣ ድንቡሼዬ" እያልኩ፤ አልዋሽም። እኔ ሳለቅስ ሙሽሪት እየዳኸች መጥታ ቁልፉን ፍለጋ እጇን ኪሱ ውስጥ አስገባች።

ቁልፉን ስታወጣ በደህናው እጁ የእጇን አንጓ ያዘ።

"የት አባሽ!" ዓይኑን ገና አልገለጠም። እየጠመዘዘ ወደ ራሱ ጎተታት። ስታቃስት ሰማሁ። "እታለም፣ ያዢልኝ" አለኝ።

ያዢልኝ። እንዲያ ነው ያለኝ፣ ዕቃ እንደሚያቀብሉት ሰው።

ከቦርሳዬ መዶሻዬን አወጣሁና አንጓው ላይ አሳረፍኩት። አለቀቀም። ደገምኩት፤ አጥንቱ ሲደቅ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ፣ ጣቶቹም ተከፈቱ። ሙሽሪት ተላቃ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛም፣ አራተኛም ጨመርኩ። ይህን ለፖሊስም ነግሬያለሁ።

"እማዬ!" ብሎ ጮኸ። እናታችንን አያስታውሳትም፤ እማዬ ሲል እኔን ነው።

ሙሽሪት ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ቦርሳዋን አልያዘችም፣ ጫማ አላደረገችም። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትታ አዞረች። በሩን ከፍታ ዞር አለች።

"እትዬ፣ ለእሱ ሦስት ብለው ደረሱለት" አለችኝ።

ጮክ ብዬ መቁጠሬን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ይቅርታ ግን ለእግር መርገጥ ነው የሚባለው፣ ለስድስት ዓመት ምን ይባላል?

"ዓሦቹስ?" አልኳት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።

"ለእነሱማ ባትሪ ሠርተውላቸው የለ" አለችና ደረጃውን ወረደች።

በሩ ክፍት ቀረ። ድንቡሼ እግሬ ሥር ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ እማዬ፣ እማዬ ይላል። የእግሯ ኮቴ እስኪጠፋ መዶሻዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሊከተላት ቢነሳ ልደግመው።