ኮሽ የማይል ጃኬት

የቀኙን እጅጌ ወደ ጆሮው አስጠግቶ በግራው አሸት አሸት አደረገውና ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ምንም የለም። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲሄድ በጣቶቹ ይታወቀዋል፤ ድምፅ ግን የለም። አዳኙ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ውርጭ ባለበት ጫካ አድፍጦ ለሚውል ሰው የጃኬት የመጀመሪያ ሙያው ማሞቅ አይደለም፤ ዝም ማለት ነው። ሙቀቱ ከዚያ ይከተላል፣ ቅለቱም ከሙቀቱ በኋላ።

«ይሄ ጭምት ነው» አለ። «አፍ የለውም።»

ባንኮኒው ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ለማሞቂያው ሆዷን ሰጥታ ተኝታለች። እጅጌው እጅጌውን ሲነካ አንዱ ጆሮዋ ብቻ፣ ከቀረው አካሏ የተለየ ፍጡር ይመስል፣ ወደ እሱ ዞረና ተመለሰ። አዳኙ አየው። አየው እንጂ ልብ አላለውም።

«ምን ትላለህ?» ሲል ወደ አማቹ ዞረ።

አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የቦት ጫማ መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል። ከገቡ ጀምሮ የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ጥሩ ነውማ ለሠርግ ልብስም ይባላል። ድምፁን ነው የጠየቅኩህ።»

«ምንም አይልም» አለ አማቹ፣ ወደ ጫማዎቹ እያየ።

አሮጌው ካፖርቱ ከትዳሩ እኩል ያረጀ ነበር። ዝናብ ሲጠጣ ሌላ ሰው አዝሎ እንደመሄድ ያህል ይከብዳል። ያንን የሚሸከመው ትከሻ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በእንጨት መሰንጠቂያው ግንድ ወደ መጋዝ ሲገፋ የኖረ ትከሻ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ አብሮት ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው የአደን ወቅት ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን ማንሳት አቅቶት ነበር። ሚስቱ ወይ ካፖርቱን ለውጥ ወይ አደኑን ተው አለችው። ካፖርቱን ለመለወጥ ለመወሰን አንድ ጉርሻ የመዋጥ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጃኬት ሲያስብ ሰነበተ። ጉዞው ቅዳሜ ነው፤ ተራራው ላይ ውርጩ ገና ጎህ ሳይቀድ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል፤ አጋዘኖቹ ደግሞ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርዱት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አማቹ ሳይጠራ መጣ። ገበያ ሲባል እንቅልፉ የሚመጣ ሰው፣ «እኔ አደርስሃለሁ» አለ። ከመውጣታቸው በፊት እህትና ወንድም ማዕድ ቤቱ በር ላይ ራስ ለራስ ገጥመው ሲነጋገሩ ደረሰባቸው፤ ሲያዩት ዝም አሉ። አዳኙ ነገሩ ገብቶኛል ብሎ ፈገግ አለ፤ ጃኬቱን በስጦታ መልክ ሊገዙለት እየዶለቱ መሆን አለበት። ሚስቱ ከዚያ ቀና ብላ ጮክ ብላ «መሀረብ ያዝ» አለችው። ከዕድሜ ጋር ጩኸታም ሆናለች። በቀደም ለታም ጀርባውን ሰጥቷት ጋዜጣ ሲያነብ መጥታ ትከሻውን ወዘወዘችና «ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ!» ብላ ተቆጣችው፤ ከዚያ በፊት አንድ ቃል እንኳ ሳትናገር። እርጅና ነው ብሎ አለፋት። እሱ ቻይ ሰው ነው።

መኪናው ውስጥም ዝምታውን የሰበረው እሱ ነበር። «ወፎቹ የት ገቡ?» አለ፣ በመስኮቱ ዛፎቹን እያየ። «ዘንድሮ ጠዋት ስነሳ አንድ ድንቢጥ እንኳ አልሰማም። ያ ሁሉ ዛፍ ሲቆረጥ ምን ይጠበቃል? ቤታቸውን እኮ እኔው ነኝ የሰነጠቅኩት።» ብሎ ሳቀ። አማቹ አልሳቀም።

የአማቹን ዝምታ በሌላ ነገር ተረጎመው። ቅዳሜ ሲቃረብ ያ ነገር ትዝ እያለው ይሆናል።

ያ ነገር ያለፈው ዓመት ነው። በአደን ጓዶቹ ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ ከቦታው የተነሳ ሰው ሳያፏጭ አይንቀሳቀስም። በመጨረሻው ቀን ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ የጠመንጃው አፍ እንኳ በጭንቅ ነበር የሚታየው። ከፊቱ ያለው ቁጥቋጦ ተንቀሳቀሰ። ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ፉጨት የለም። ተኮሰ። ከቁጥቋጦው የወጣው አማቹ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጥይቱ ከዛፉ የላጠው ቅርፊት ፀጉሩ ላይ ተበትኖ። አዳኙ ጮኸበት፤ «ለምን አላፏጨህም?» ሌሎቹም እየሮጡ ደረሱ። አማቹ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ረሳሁት ጋሼ» አለ።

ይቅር አለው። ለሚስቱም ትንፍሽ አላለም። ዓመቱን ሙሉ ያንን ይቅርታ እንደ ውድ ልብስ ከውስጥ ለብሶት ኖረ፤ አንዳንዴ ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ተሰብስቦ ሳለ አማቹን አየት አድርጎ «ሰው መቼም ይረሳል» ይላል፣ ማንም ሌላ በማይገባው መንገድ።

«ይሄንንም ይሞክሩት አባቴ።» ሻጭዋ ሌላ ጃኬት በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ መጣች። የምትለውን ለመያዝ ከንፈሯን ማየት ነበረበት፤ የዘመኑ ልጆች ቃላቸውን ይውጣሉ። «የዳክዬ ላባ ነው የተሞላው። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው፤ ተጣጥፎ የራሱ ኪስ ውስጥ ይገባል።»

«ሲረጥብስ?»

«ሲረጥብ እንኳ… ብዙ አያሞቅም።»

«ምስኪን ዳክዬ፣ እሷ ውሃ ላይ ስትውል አይረጥብባት» አለ። ሻጭዋ ሳቀች። ለበሰው። እውነትም የለበሰ አይመስልም ነበር፤ ትከሻው ላይ ያረፈው ሙቀት እንጂ ልብስ አይደለም። እጅጌውን ወደ ጆሮው አነሳ፤ አሸው። ጸጥ ያለ ነው። ይሄም ጭምት ነው። እድለኛ ቀን ነው ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ዓይኑ ድመቷ ላይ አረፈ።

ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ እሱ ዞረዋል። አንድ ዓይኗም ተከፍቷል።

እጁን አቆመ። ድመቷ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እጅጌውን ደግሞ አሸው። ጆሮዎቹ ዞሩ።

«ሌላ አለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሦስተኛው ላዩ እንደ ብርድ ልብስ የለሰለሰ፣ ቢረጥብም የሚያሞቅ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው፣ ከላባው ትንሽ የከበደ ነበር። አሸው። ድመቷ አልነቃችም። መልሶ የመጀመሪያውን አነሳ፤ አንዱ ጆሮ ዞረ። የላባውን አነሳ፤ ሁለቱም ዞሩ። ለእሱ ሦስቱም አንድ ነበሩ። ሦስቱም ዝም።

አጋዘን ራሷን ከማዞሯ በፊት ጆሮዋን ታዞራለች። ይህንን ለአማቹ ያስተማረው እሱ ነው፤ ያኔ አማቹ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። «ዓይኗ ይሳሳታል፤ ጆሮዋ አይዋሽም። ጆሮዋን እያየህ ተራመድ።» ብሎት ነበር።

ምናልባት ድመቷ እጁን አይታ ይሆናል። የላባውን ጃኬት ይዞ ካፖርቶች ከተሰቀሉበት ረድፍ ጀርባ ሄደ። ድመቷ እንዳታየው ከተከለለ በኋላ በሁለት ካፖርቶች መካከል አጮልቆ እያያት፣ ሆዱ ስር አድርጎ ጨርቁን ጨመደደው። ባንኮኒው ላይ ሁለቱ ጆሮዎች ተነሱ። ሻጭዋም ቀና ብላ ወደ ካፖርቶቹ አየች።

እዚያው ጥቂት ቆመ። አዲስ ጨርቅ ሸተተው። መጋዙ ትዝ አለው፤ ከመጋዙ ፊት ያሳለፈው ዕድሜ። የሰው ወሬ ይሰማል፤ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ የአማቹንም ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ደኅና ነኝ ሲል ኖሯል። ከጆሮው የሚሸሹት ቀጫጭኖቹ ድምፆች መሆናቸውን ማን ይነግረዋል? የሚሄድ ድምፅ ሄድኩ ብሎ አይሰናበትም።

ከረድፉ ወጣና አማቹ ፊት ቆመ።

«እስቲ አፏጭ።»

«እ?»

«ጫካ ውስጥ እንደምናፏጨው።»

«እዚህ? ሰው ምን ይላል ጋሼ?»

«አፏጭ አልኩህ።»

አማቹ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሻጭዋን አየ፣ በሩን አየ፤ ከዚያ እንደተሸነፈ ሰው ትንፋሹን ስቦ ከንፈሩን አሾለ። አዳኙ ከንፈሩን ትኩር ብሎ እያየ ጠበቀ። የአማቹ ጉንጭ ሲጎደጉድ አየ። ጥግ ላይ ጓንት የሚለካ ሰው ዞር ሲል አየ። ሻጭዋ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየ። ድመቷ ከባንኮኒው ዘላ ከመደርደሪያው ስር ገባች።

«በል እንጂ» አለ አዳኙ። «አፏጭ።»

አማቹ ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አፏጨሁ እኮ ጋሼ።»

ማሞቂያው ይነፍሳል፤ የተሰቀሉት ልብሶች ጫፍ ይወዛወዛል። አዳኙ እጁን ልኮ መደርደሪያውን ያዘ።

«ያን ቀንም?»

አማቹ ወደ መሬት አየ። «ሁለቴ።»

«ታዲያ ለምን ረሳሁ አልክ?»

«ፊትህን አይቼ ነው። ያን ጊዜ ፊትህን ብታየው ኖሮ አንተም ረሳሁ ትል ነበር።»

«የአደኑ ልጆችም ሰምተዋል።»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«እህትህስ?»

«የጆሮህን ነገር ከማናችንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት። የጥይቱን ትናንት ነገርኳት።» ቁልፉን መልሶ አወጣ። «ዛሬ የመጣሁት ልነግርህ ነበር። መኪና ውስጥ ልናገር ስል ስለ ወፎቹ አነሳህ። እዚህ ስንገባ ደግሞ ደስ ብሎህ አየሁህ። ቅዳሜ… ልጆቹ ባንተ ቦታ ሌላ ሰው ይዘዋል።»

«ጥሩ አድርገዋል።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ዛሬ ጆሮ ውስጥ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ትንሽ ነገር ናት።»

መሰንጠቂያው ቤት አብሮት የሠራ አንድ ሰው ያቺን ትንሽ ነገር አድርጓት ነበር። ነፋሱን፣ ማንኪያውን፣ የራሱን ማኘክ ሳይቀር አንድ ላይ አስጮኸችበትና መሳቢያ ውስጥ ከተታት። አዳኙ ይህን አላወራም።

«ያ ጥይት አንድ ስንዝር ዝቅ ቢል ኖሮ» አለ፣ «እህትህ ስታለቅስ በየትኛው መሣሪያ ነበር የምሰማት?»

አማቹ ቁልፉን በመዳፉ ጨበጠ።

ሻጭዋ መጥታ ሦስቱን ጃኬቶች ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። «ወሰኑ አባቴ?»

አዳኙ የለሰለሰውን በመዳፉ ዳሰሰው። ይሄ ነበር ትክክለኛው፤ ድመቷ መስክራለታለች። ትከሻውን የሚያሳርፍ፣ በርጥበት የማይከዳ፣ ጫካው የማያውቅበት ጃኬት ነበር። ወደ ጎን አደረገውና የላባውን አነሳ።

«እሱ ትንሽ ይንኮሻኮሻል» አለች ሻጭዋ፣ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች፤ አሁን ገብቷታል። «ለአደን ከሆነ የሚፈልጉት…»

«ለማን ይንኮሻኮሻል፣ የኔ ልጅ?»

ወረቀት ከረጢት ስታነሳ በእጁ ከለከላትና እዚያው ለበሰው። አማቹ በሩን ከፍቶ ጠበቀው።

«መኪናው እዚህ ነው።»

«በእግሬ እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ቅዝቃዜው…»

«ጃኬት ገዝቻለሁ አይደል?»

ቀኑ ወደ ማታ እየተጠጋ ነበር። ሰዎች ከሥራ እየወጡ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ዞር ብለው ያዩታል፤ ሲራመድ ምን ያህል ድምፅ እያሰማ እንደሆነ ከፊታቸው ለማንበብ ሞከረ። ጃኬቱ ሞቆታል። ትከሻው ምንም አልከበደውም። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ገና ከበሩ ፊቱን ታየዋለች፤ ከዚያ ማናቸውም እንደማያውቁ መሆን አይችሉም። ዓመቱን ሙሉ ከውስጥ ለብሶት የኖረው ይቅርታ የራሱ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ነበር፤ ይቅር የተባለው እሱ ነበር። መልሶ የሚያወልቅበትን መንገድ አላወቀውም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው ትልቅ ዛፍ ስር ሲደርስ ቀና አለ።

ዛፉ ድንቢጦች ሞልተውበታል። በየቅርንጫፉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ለማደሪያ ቦታ እየተገፋፉ፣ ላባቸውን ነፍተው። የሁሉም አፍ ይከፈታል ይዘጋል። የቅርቧ ድንቢጥ ጉሮሮዋ እንደ ልብ ሲመታ ይታየዋል። ማቆሚያው ላይ የቆመች አንዲት ሴት ስልኳን አንዱ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሌላውን በጣቷ ደፍናዋለች።

አልሄዱም ነበር። አንዳቸውም የትም አልሄዱም።

ረጅም ጊዜ ቆሞ አፋቸውን አየ። ከዚያ ጫካ ውስጥ እጁን እንደሚያነሳው ቀስ ብሎ የቀኙን እጅጌ ወደ ጆሮው አነሳ፤ በግራው አሸው።

ድንቢጦቹ ባንድ ጊዜ ተነሱ። ሰማዩ ለአፍታ ጠቆረና ባዶ ሆነ። ቅርንጫፎቹ ብቻ ቀሩ፣ እየተወዛወዙ። እሱ ግን እጅጌውን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠበቀ።