የመካኒኩ ጆሮ

ሹፌሮች አባቴን «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚሉት። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያዳምጣል። ከዚያ የመኪናውን በሽታ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ቤተሰብ ያስተዳደረው በዚህ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤታችን ልብስ ሻጭ በሩ ላይ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ሞንታርቦ ገተረ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የተቀዳ ድምፅ «ሳያልቅ ድረሱ! ሳያልቅ ድረሱ!» እያለ ይጮኻል። ምኑ እንደሚያልቅ እስካሁን አልገባኝም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቀም። ማዶ ያለው ጫማ ሻጭም ብልጫ እንዳይወሰድበት የራሱን ገዛ። የእኛ ጋራዥ በሁለቱ ጩኸት መሀል ነው።

እኔ ጠዋት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አባቴን አግዛለሁ። ቤት ውስጥ የሬዲዮው ድምፅ በየወሩ ከፍ እያለ ሲመጣ እናቴ «ለኛ ብቻ ክፈተው፣ ጎረቤት የራሱ ሬዲዮ አለው» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። አልጋው ላይ ግን ሲገላበጥ ያድራል። «ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቶ አልወጣ አለኝ» ይላል።

ባለፈው ወር አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሞተሩ ሲር ሲር የሚል መኪና ይዞ መጣ። አባቴ አዳመጠ፤ ካቻቢቴውን አዛወረና ደግሞ አዳመጠ።

«የውሃ ፓምፑ ነው» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ድምፁ ከዲናሞው በኩል እንደሚመጣ በባዶ ጆሮዬ ይሰማኛል። ዝም አልኩ። በእኛ ጋራዥ የአባቴን ጆሮ የሚያርም ሰው ኖሮ አያውቅም። ግማሽ ቀን ፈጅተን ፓምፑን አወጣነው፤ ደህና ነበር። መልሰን ገጥመን ሞተሩን ስናስነሳው ሲር ሲር የሚለው ድምፅ እንዳለ ነው።

«ጋሽዬ፣ ዛሬስ ጆሮዎን ቤት ረስተውት ነው የመጡት» አለ ሹፌሩ። ሁላችንም ሳቅን። አባቴ አልሳቀም።

በማግሥቱ እየጎተትኩም እየለመንኩም ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ማዳመጫ አደረገችለትና ድምፅ በሰማ ቁጥር ጣቱን እንዲያነሳ ነገረችው። አንዱንም ሳይስት ሲያነሳ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ኋላ ግን ዓይኑን አየሁት፤ የሚከተለው ቁልፉን የምትጫንበትን እጇን ነው።

«ዶክተር፣ እጅዎን እያየ ነው» አልኩ።

«አንተ ደግሞ!» አለኝ አባቴ ተቆጥቶ።

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ጣቱ ጉልበቱ ላይ ረጅም ጊዜ ተጋደመች።

ሐኪሟ ቀጫጭን ድምፆች ከጆሮው እንደጠፉና እንደማይመለሱ ነገረችን። የደም ግፊቱም ከፍ ብሏል። «እንቅልፍ ማጣትና የዘወትር ጫጫታ ግፊቱንም ያባብሱታል። የቀረውን እናድን፤ ጆሮዎን ይድፈኑ፤ ከጩኸት ይራቁ» አለችው።

«ጆሮዬን ደፍኜ ሞተር ላዳምጥ? ታዲያ በአፍንጫዬ ነው?»

 

እንግዲያው ጩኸቱ ይቀነስ ብዬ ልብስ ሻጩን ለማነጋገር ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል።

«ወንድሜ፣ እኔስ ራሴን ይፈልጠኝ የለም እንዴ?» አለኝ። «ግን እኔ ስቀንስ ገበያው ማዶ ይሻገራል። መጀመሪያ እሱ ይቀንስ።»

ማዶ ተሻገርኩ። ጫማ ሻጩ አዘነልኝ፤ ወንበርም ሰጠኝ። «ለጋሽ ጆሮማ ነፍሴንም እሰጣለሁ። ግን የጀመረው እሱ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይቀንስ።»

የሰፈሩ አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበውና «ሁለቱም ተስማምተው ፈርመው ይምጡ» አለኝ። ቢስማሙ ኖሮ እሱ ዘንድ ምን እንደሚያመጣኝ ጠየቅኩት። «በጨዋነት እንነጋገር» አለኝ። በጨዋነት ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ ሁሉም እውነት አለው፤ የሚቀንስ ግን የለም።

ትናንት ያው ሹፌር ተመልሶ መጣ። አባቴን ይወዳል፤ ያለፈውን እንኳ አላነሳበትም። መኪናው አሁን ደግሞ ሌላ ድምፅ ያሰማል። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ አሁንስ ዝም አልልም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ላይ ላብ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ኮፈኑን ዘጋው።

«ድልድዩ ታች ያለው ጋራዥ ውሰደው» አለ። የድልድዩን መካኒክ አሥር ዓመት አላነጋገረውም።

ሹፌሩ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «ምን አሉኝ?»

«ድልድዩ ታች ውሰደው አልኩህ!»

«አልሰማሁም ጋሽዬ! ይሄ ሞንታርቦ...»

አባቴ አንገቱ ላይ ያለው ሥር እስኪገተር ጮኸ፦ «እኔ አልሰማም! ጆሮዬ አይሰማም! የሚሰማ ሰው ዘንድ ውሰደው!»

ከሞንታርቦው በላይ ተሰማ። ከልብስ ሱቁ ሻጩና ደንበኞቹ ወጡ፤ ጫማ ሻጩ ማዶ በሩ ላይ ቆመ፤ መንገደኞችም ዞረው አዩት። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ መኪናው ውስጥ ገባ። የተቀዳው ድምፅ ሳያልቅ እንድንደርስ መጥራቱን ቀጠለ፤ ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱም የራሱን ሞንታርቦ ሊዘጋ እጁን አላነሳም።