የሰውነት ቁጣ

ኑርሃን ፍየል ስትነካ ክንዷ ይዥጎረጎራል። ላም ስታክም ዓይኗ ደም ይመስላል፤ በግ ከሆነ ደግሞ የአፍንጫዋ ፈሳሽ ማቆሚያ የለውም። ምንም የማያደርጋት አህያ ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ በተዘረጋው ቆላ ግን አህያ ብቻ እያከመ እንጀራ የሚበላ የእንስሳት ሐኪም የለም።

ነገሩን ያወቀችው ኮሌጅ ሳለች፣ ለልምምድ በረት መግባት በጀመረችበት ሰሞን ነው። የመረመራት የቆዳ ሐኪም ብዙም አልተጨነቀ።

“የሰውነት ቁጣ ነው፤ አለርጂ የሚባለው” አላት። “ሰውነትሽ የእንስሳ ፀጉርና ምራቅ ሲነካው ጠላት የመጣበት ይመስለዋል። ደረትሽም ላይ አስም አለ። ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትምህርት ምረጪ።”

ኑርሃን ስትወጣ በሩን እስኪንቀጠቀጥ ወርውራ ዘጋችው። የተናደደችው በሐኪሙ አልነበረም፤ በገዛ ቆዳዋ ነው።

ሌላ ትምህርት የሚባል ነገር በልቧ አልነበረም። ልጅ ሳለች የመንደራቸው ፍየል በአንድ በጋ እንዳለ አልቆ ነበር። አፍንጫቸው እየዘነበ፣ አፋቸው እየቆሰለ፣ እያስቀመጣቸው ረገፉ። ትልልቁ ሰው እጁን አጣጥፎ “ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው” ሲል፣ እሷ ዓይኗ ከጎረቤታቸው ከሳልህ በረት ላይ ነበር። የሳልህ ፍየሎች ቀደም ብለው ተከትበው ነበርና አንዳቸውም አልሞቱም። “ቀደር የሳልህን በረት ዘሎት ነው የሄደው?” ብላ ብትጠይቅ ከአባቷ ጥፊ ቀመሰች። የጥፊው ትኩሳት ከጉንጯ ወጣ፤ ከሆዷ ግን አልወጣም።

ተመረቀች፤ ሸዋ ሮቢት ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጠረች፤ ለማንም ሳትተነፍስ ዓመታት ሠራች። ጠዋት ጠዋት የአለርጂ ክኒን ትውጣለች። አስሟ ሲነሳ የምትስበው ፓፍ ከጋዋኗ ኪስ አይለይም። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋ፣ በሻሿ ጫፍ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች። በዚያ ሙቀት ተሸፋፍና ያያት ሁሉ ዲኗ የጠነከረ መሰለው። እናቷ ጣይባማ ደስታዋን አልቻለችውም፤ “ልጄን አላህ ኢማን ጨመረላት” እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ኑርሃን ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ባላደረጉት ነገር መመስገን ከስድብ ይልቅ ያቃጥላል። እውነቱን እንዳትናገር ደግሞ እናቷ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ “ተይው ይሄን ሥራ።”

ዘንድሮ ያው በልጅነቷ ያየችው የፍየል በሽታ በአጎራባች ቀበሌ ታየና የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ኑርሃን ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ፣ የማሾ ማሳዎቹን አልፋ፣ ቁልቁል ቆላው ውስጥ ወዳለች አንዲት መንደር ወረደች። ፍየሉ በሼህ አብዱረዛቅ ግቢ፣ በእሾህ በታጠረ በረት ታጭቆ ጠበቃት። ሼህ አብዱረዛቅ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ያመጡትን ሌላውም ያመጣል፤ እሳቸው የሸሹትን ሌላውም ይሸሻል። ዝናብ ከራቀ ሰንብቷል። ከየኮቴው ሥር አቧራ ይነሳል፤ ከአቧራው ጋር ፀጉር፣ ከፀጉሩ ጋር የደረቀ በጠጥ።

ጥቂት እንደወጋች ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ፓፏን ለመሳብ ዘወር ማለት ነበረባት። ያ ሁሉ ሰው ከቧት ቆሟልና ‘ይሄን በረት ልጨርስ’ ብላ አቆየችው። አንድ ሙክት አንገቱን ሲያወናጭፍ ለሀጩ ዓይኗ ውስጥ ገባ። መርፌው ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከትላ ወደቀች። ሴቶች እየጮሁ ሻሿን ሲገልጡላት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። በባጃጅ አንከብክበው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ኦክስጅን ተሰክቶላት ነፍሷ ተመለሰች።

ከአልጋ ስትነሳ አገሩ ሌላ ወሬ ይዞ ጠበቃት። ሐኪሟን የጣላት ክትባቱ ነው ተባለ። ሽታው ብቻ ሰው እንዲህ ከጣለ ፍየል ደም ውስጥ ሲገባ ምን ሊሆን ነው? አንዱ የረገዘችውን ያስጨነግፋል አለ፤ ሌላው ወተቱን ይመርዛል አለ። የሥራ ባልደረባዋ ናትናኤል ጀምራ የተወችውን ሊጨርስ ቢሄድ፣ መንደርተኛው ፍየሉን ወደ በረሃው አሽሽቶ ባዶ በረት አሳየው። የበረዶ ሳጥኑን እንደሞላ ይዞት ተመለሰ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ኑርሃንን ቢሯቸው ጠሯት። ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው።

“እንኳን አላህ አተረፈሽ፣ ልጄ” አሉ። “ከእንግዲህ መስክ አትወጪም። መድኃኒት ክፍል ትቀመጫለሽ። ለራስሽ ብዬ ነው።”

“ጋሼ፣ ሰው ክትባቱን የፈራው በእኔ ነው። እኔው ነኝ ሄጄ የማስረዳው።”

“እናትሽ መጥታ እዚህ ወንበር ላይ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ይህን ያህል ዘመን በሽታሽን ስትደብቂኝ ምን ብለሽ ነው? ብትነግሪኝ ኖሮ…”

“ብነግርዎት ምን ያደርጉ ነበር?”

ጋሽ ደምሴ ዋሽተው አያውቁም። “መድኃኒት ክፍል አስቀምጥሽ ነበር” አሉ።

“ለዚህ ነዋ ያልነገርኩዎት!” ኑርሃን ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። “ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ነው! ሐኪሙም ለእኔ ብሎ፣ እናቴም ለእኔ ብላ፣ እርስዎም ለእኔ ብለው! ‘ምን ብናደርግልሽ ነው መሥራት የምትችዪው?’ ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። ናትናኤል ወገቡን የታመመ ጊዜ ከባድ አታንሳ ተባለ እንጂ ሥራህን ተው ተባለ? ለእሱ ሸክሙ ተቀነሰለት፤ ለእኔ ሲሆን ሴትዮዋ ራሷ ትቀነስ!”

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደምሴን ሳታስፈቅድ ተነሳች፤ ክኒኗን ሆን ብላ አልዋጠችም። ሻሿን ፊቷ ላይ አልጠመጠመችም። ናትናኤልን “ሳጥኑን ይዘህ ከመንደሩ ዳር፣ ከመንገዱ ላይ ቆይ፤ እስክጠራህ አትግባ” አለችው። ፓፏን ቀሚሷ ኪስ ከትታ ብቻዋን ወደ ሼህ አብዱረዛቅ ግቢ ገባች። ሰው አያት፤ የመጣችበትን ባጃጅ ያየው ልጅ አዋቂ ሁሉ ከኋላዋ ተከተለ።

“አሰላሙ ዓለይኩም” አለች።

“ወዓለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ በእግርሽ ቆምሽ” አሉ ሼሁ። “ግን ልጄ፣ ለዚያ ነገር ከሆነ የመጣሽው አትድከሚ። ዓይናችን ያየውን አይተናል።”

“ምን አያችሁ?”

“መድኃኒቱ ሲጥልሽ ነዋ።”

“ጥሩ። አሁን እጄን እዩት።” እጆቿን ገልብጣ አሳየች። “መርፌ አለ? ሳጥን አለ? ጋዋኔም የለ፤ ከቤቴ የመጣሁበት ልብስ ነው። ከፈለጋችሁ ሴቶቹ ይፈትሹኝ።”

ኑርሃን ከግቢው ጥግ፣ ደካማ ግልገሏን እንድታጠባ ሳትሸሽ የቀረች ወላድ ፍየል ታስራ አየችና ሄዳ ተንበረከከች። እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች። ክንዷን ከፍየሏ አንገት ላይ አሸችው፤ የፍየሏንም አፍ ይዛ ምራቋን ክንዷ ላይ ቀባችው። ሕዝቡ እብድ እንዳየ ይመለከታታል።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አሉ ሼሁ።

“ቆዩ። አሁን ታያላችሁ።”

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ ክንዷ ቀላ። ከዚያ ንብ የነደፋት ይመስል እየነጣ የሚያብጥ ክብ ክብ ነገር ወጣ፤ አንዱ ከአንዱ እየተጋጠመ እስከ ክርኗ ወጣ። ዓይኗ ማልቀስ ጀመረ። ማሳከኩ አጥንቷ ድረስ ይሰማታል፤ ግን አላከከችም። ክንዷን ከፍ አድርጋ እንደ ባንዲራ ዘንግ አቆመችው።

“ሱብሃነላህ!” አለች አንዲት ሴት።

“ይኸው!” ጮኸች ኑርሃን፤ ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። “እኔን የጣለኝ ክትባት አይደለም! ፍየል ነው! ከተማሪነቴ ጀምሮ ፀጉሩ አይስማማኝም! ስሸፋፈን የነበረው ለዲን መስሏችሁ ስታከብሩኝ ነበር፤ ለአፍንጫዬ ነው! አውቄ ደበቅሁ፤ ሥራዬን እንዳታስጥሉኝ ብዬ ደበቅሁ። በሽታው ግን እዚያ ማዶ ቀበሌ ደርሷል፤ እናንተ ፍየሉን ከክትባት አሽሽታችሁ ወዴት ነው የወሰዳችሁት? በሽታው ወዳለበት ግጦሽ! በእኔ ቆዳ ምክንያት ፍየላችሁ ይለቅ?”

ሳሏ ተነሳና ንግግሯን ቆረጠው። በሰው ሁሉ ፊት ፓፏን አውጥታ ሳበች፤ ጥቂት ቆይታ ደገመች። ሰው ፊት ስትስበው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ሼህ አብዱረዛቅ ቀርበው ክንዷን ከቅርብ አዩት። ሊነኩት አሰቡና ተዉት።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ” አሉ ቀስ ብለው።

“እሱን ተረት አውቀዋለሁ፣ ሼህ። እንስሳ የማይስማማውን የእንስሳት ሐኪምስ ማን ሥራ ያስገባዋል? የእሱን ተረት ይንገሩኝ።”

አንዳንዱ ከንፈሩን ነከሰ፤ ለሼሁ እንዲህ የሚመልስ አይተው አያውቁምና። ሼሁ ግን አልተቆጡም። ዘወር ብለው “ፍየሎቼን አምጡ” አሉ።

ናትናኤል ተጠራ። እሱ ፍየሎቹን ይይዛል፤ ኑርሃን ሁለት እጅ ጓንት ደራርባ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆማ ትወጋለች። የሼሁ በረት ሲያልቅ የሌላው መጣ፤ ከሰዓት በኋላም በረሃ የወረዱት እየተነዱ ደረሱ። ያልመጣም ነበር። ሁለት ሦስት ቤት “ክንዷ ያበጠው በድግምት ነው” ብሎ በሩን እንደዘጋ ቀረ። ኑርሃን ሄዳ አንኳኳች፤ አልከፈቱላትም። መሬቱን በእግሯ ደልቃ ተመለሰች።

ወደ ማምሻው ዓሊያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ፍየሎቿን እየነዳች መጣች። ኑርሃን ከሩቁ አይታ ገባት። አፍንጫቸው ዘንቧል፤ ኋላቸው ረጥቧል፤ አንዷ እያረፈች ነው የምትራመደው።

“መርፌውን ውጊያቸው” አለች ዓሊያ።

“እትዬ ዓሊያ፣ ለታመመ ክትባት አይሆንም። ለይተን እናስራቸው፤ ቁስላቸውንና ሳንባቸውን የሚያግዝ ሌላ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ። ሁሉም ይተርፋሉ ብዬ ግን አልዋሽሽም።”

ዓሊያ ዱላዋን ተደግፋ አየቻት። አልጮኸችም። “የወደቅሽ ዕለት የእኔ ተራ ቀጥሎ ነበር” አለች። “በረቱ በር ላይ ነበርኩ። ‘የታመመው የእኔ ሰውነት ነው’ የምትል አንዲት ቃል ሰምቼ ቢሆን አላሸሻቸውም ነበር።”

ኑርሃን ራሴን ስቼ ነበር ልትል ፈለገች። ወሬውን ያወራሁት እኔ አይደለሁም ልትል ፈለገች። ከትናንት ጀምሮ በሼሁም በጋሽ ደምሴም በእናቷም ላይ ሲወርድ የቆየው ቁጣዋ እዚህች ሴት ፊት ሲደርስ የሚሄድበት አጣ። “ነይ፣ እንለያቸው” አለች በመጨረሻ።

ከዓሊያ ፍየሎች ብዙዎቹ ሞቱ። ኑርሃን በየዕለቱ እየተመላለሰች ያለ የሌለ አቅሟን አፈሰሰች፤ ክንዷም በየዕለቱ እያበጠ ተመለሰ። የተረፉት ጥቂት ናቸው። የተከተበው የመንደሩ ፍየል ግን ተረፈ፤ በሩን የዘጋው ቤት በረት ባዶ ሲቀር ሌላው ሰው አየ።

ጋሽ ደምሴ እንደገና ጠሯት። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛቸው ላይ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ተቀምጧል።

“የተዘጋ በረት አትገቢም። ብቻሽን አትወጪም። ሐኪም ዘንድ በየጊዜው ትታያለሽ፤ ‘ይብቃት’ ካለ ይበቃል” አሉ።

“እሱን ያኔ እንጨቃጨቅበታለን” አለች መነጽሩን እያነሳች።

ቤት ስትገባ እናቷ ሰላምታዋን አልመለሰችም። ጣይባ ልጇ ልትሞትባት እንደነበረ ከሰው አፍ መስማቷን አልረሳችም፤ ለጎረቤት ባወራችው የኢማን ወሬም አፍራለች። ለብዙ ጊዜ በአንድ ቤት እንደ ባዕድ ኖሩ። ኑርሃን ይቅርታ ጠየቀች፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። እናቷ ሁለቱን ነገር ለይታ ማየት አልሆነላትም።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ዓሊያ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች። ከተረፉት አንዷን፣ ጡቷ ያበጠ ፍየል በገመድ ይዛለች። ናትናኤል መስክ ወጥቷል። ኑርሃን መነጽሯን አጥልቃ ጓንቷን እየሳበች ወደ ግቢው ወጣች።

“እዚያው ቁሚ” አለች ዓሊያ ኮስተር ብላ። “እኔ ነኝ የምይዛት። አንቺ እጅሽን ብቻ አምጪ።” ፍየሏን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ፣ የፍየሏን ራስ ወደ ሌላ በኩል አዞረች፤ ፀጉሩ ወደ ኑርሃን እንዳይበን ነፋሱን በጀርባዋ ከለለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ኑርሃንም አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ያበጠውን ጡት በጣቶቿ ዳሰሰችው።

“ግልገሏ ከሞተባት ወዲህ ታልቦላታል?”

“አልታለበም” አለች ዓሊያ። “ማን ሊጠጣው?”

“ይታለብ። ቢደፋም ይታለብ” አለች ኑርሃን፤ ማለብም ጀመረች።