እጇን ያወጣችው ሴት

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ስም ስትጠራ አንድ ተማሪ ላይ ስትደርስ ስም አትጠራም። ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ "ቁጥር አሥራ ሰባት" ትላለች። ከመጨረሻው መደዳ አንዲት ጠና ያለች ሴት ብድግ ብላ "አለሁ ቲቸር" ትላለች። ሌላው ሁሉ በስሙ ሲጠራ እሷ ብቻ በቁጥር የምትጠራው ለምን እንደሆነ ክፍሉ ግራ ገብቶት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉዱ ወጣ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የነገሥታት ዘመን ሰንጠረዥ እያሰመረች ሳለ ቁጥር አሥራ ሰባት ከወንበሯ ተነሳች፤ በመደዳዎቹ መሃል ቀጥ ብላ ሄዳ ከመምህርቷ አንገትጌ ከኋላ ተንጠልጥላ የወጣችውን የሸሚዝ ምልክት፣ ያቺን ቁራጭ ጨርቅ፣ ወደ ውስጥ ከተተቻት። "ሰው ፊት እንዲህ ሆነሽ ትቆሚያለሽ?" አለቻት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ መሆናቸውን ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

የዚያኑ ዕለት ቤት ሲገቡ ሕግ ወጣ። ልጅቷ ታሪክ ነው የተመረቀችበት። ሥነ ዜጋውና ኢኮኖሚክሱ የተጫኑባት ሌሎቹ መምህራን ቅዳሜና እሁድ አንሠራም ስላሉ ነው። ሥነ ዜጋ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥ የምትናገረው ሁሉ በአንቀጽ ሆኗል። አንቀጽ አንድ፣ ክፍል ውስጥ ልጄ፣ እማዬ፣ አንቺ ማለት ክልክል ነው። አንቀጽ ሁለት፣ መምህርትን መንካት ክልክል ነው። አንቀጽ ሦስት፣ በእረፍት ሰዓት ለመምህርት ምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ክልክል ነው።

"ሦስተኛውን አልቀበልም፤ ድምፅ ይሰጥበት" አለች እናትየው።

"ሁለት ነን እኮ እማዬ።"

"እንግዲያው እኩል ለእኩል ነው፤ አልጸደቀም።"

እናትየው በአርባ አራት ዓመቷ ደብተር የያዘችው ወዳ አልነበረም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። ከእሷ መጋዘን ያለ ፊርማ አንዲት ዚፕ አትወጣም፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንኳ ለኮቱ የሚሆን ቁልፍ ሲቸግረው ፈርሞ ነው የወሰደው። ታዲያ አዲስ የመጣው የሰው ኃይል ኃላፊ ፋይል ሲያገላብጥ የእሷን የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አጣው። "ሁለት ዓመት እሰጥዎታለሁ። ካላመጡ ማሸጊያ ክፍል ይገባሉ" አላት። ማሸጊያ ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካርቶን ማጣበቅ ነው፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ መቆም ካስጠላው ቆይቷል። በሁለት ዓመት የሚያስጨርሰው የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤት በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ የልጇ።

ለልጇ ማስረጃውን አይጥ በላው አለቻት።

"ትምህርት ቤቱ ቅጂ አይሰጥሽም?"

"ትምህርት ቤቱ ተቃጥሏል።"

"መቼ?"

"አይጧ ከበላችው በኋላ።"

ልጅቷ አመነች። ለምን አታምንም? ዕድሜዋን ሙሉ "እኔ ከክፍል አንደኛ ነበርኩ" እየተባለች ነው ያደገችው። እናትየው ግን ዘጠነኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰችም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሷው ግን እያደር ይከብዳት ጀመር። ከማሸጊያ ክፍሉ ይልቅ የሚያስፈራት ልጇ ይህንን ያወቀች ቀን ነበር።

ትምህርቱስ አልከበዳትም። በኢኮኖሚክስ "የሰው ፍላጎት ገደብ የለውም፣ ሀብት ግን ውስን ነው" ሲባል ለቀባሪው አረዱት ብላ ሳቀች። በታሪክ፣ የቅርብ ዘመኑን የምትይዘው ለፋብሪካው በመጣው የልብስ ትዕዛዝ ነበር። አንድ የሰላም ስምምነት መቼ እንደተፈረመ ተጠይቃ "የሰማያዊው ቱታ ዓመት" ብላ መልሳለች። ካርታ ላይ ብቻ አልሆነላትም። ወንዙን ሁሉ ወደ ተራራ ታስወጣዋለች።

ጉድ የፈላው ታሪክ መጽሐፉ ላይ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ሲደርሱ ነው። አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። የፋብሪካ በር ላይ ወጣቶች ታጭቀዋል፤ መሃላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ሻሽ አስራ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አውጥታለች። የእጇ ጥላ ፊቷን በግማሽ ሸፍኖታል፤ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ከሥሩ "አንዲት ቆራጥ ሴት አድማውን ስትመራ" ይላል።

እናትየው ክው አለች። እጁ የእሷ ነው። የለበሰችው ነጠብጣብ ሸሚዝ ከጎኗ አንገቷን ደፍታ ከቆመችው ጓደኛዋ የተዋሰችው ነው። አድማ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ፋብሪካው ሊከፈት ሰው የሚቀጥርበት ቀን ነው። አንድ ሰውዬ ሣጥን ላይ ወጥቶ "አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ እጁን ያውጣ" አለ፤ እሷም ዓይኗን በጨው ታጥባ አወጣች። የዚያን ሰሞን ማንም ማስረጃ አልጠየቀም፤ ጽሕፈቷን አይተው ግምጃ ቤት አስገቧት። ካሜራ የያዘ ሰው ማለፉን ልብም አላለችው።

በማግስቱ ሥነ ዜጋ መጽሐፉ ውስጥ ያው ፎቶ ወጣ፤ "ዜጎች የመሰብሰብ መብታቸውን ሲጠቀሙ" ይላል። በሳምንቱ ደግሞ ኢኮኖሚክሱ ላይ "ሥራ ፈላጊዎች" ተብሎ መጣ። መጽሐፎቹን ያዘጋጀው ሰው አንድ ፎቶ ይዞ ሦስት ቦታ ሸቅሎበታል። ኢኮኖሚክሱ ለእውነት ትንሽ ጠጋ ማለቱን እናትየው በሆዷ አመሰገነች።

አጠገቧ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ሦስቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግቶ ራሱን ነቀነቀ። "ይቺ ሴትዮ ግን አታርፍም። አድማ ትመራለች፣ ትሰበሰባለች፣ ሥራ ትፈልጋለች። ምሳ የምትበላው መቼ ነው?"

"ዝም ብለህ አንብብ" አለችው።

መምህርቷ ግን ያ ፎቶ ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው ትሆናለች። "እኔ ታሪክ ያጠናሁት በእሷ ምክንያት ነው" አለቻቸው። "ተማሪ ሳለሁ ይሄን ገጽ ሳይ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እኛ ከተማ ነበረች ማለት ነው አልኩ። እጇን እዩት፣ ፍርሃት የለበትም።" እናትየው ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ፍርሃትስ ነበረ፤ ላቡ የተዋሰችውን ሸሚዝ አበላሽቶባት ጓደኛዋ ሳምንት ሙሉ አኩርፋታለች። ደስ አላት፣ እዚያው ላይ ደግሞ አፈረች።

የማጠቃለያው ፈተና የመጨረሻ ጥያቄ አሥራ አምስት ማርክ ነበረው። "ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለችው ሴት ምን እያደረገች ነው? ከፎቶው ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።" ካርታው ላይ ወንዞቿ ዳገት ወጥተዋል፤ ይህን ካልመለሰች እንደምትወድቅ ገብቷታል። "ቆራጧ ሴት አድማውን እየመራች ነው" ብላ ጻፈች። ጥሩ ጽሕፈት ነው፣ ልክ እንደ መጽሐፉ።

ቀና ስትል መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታት በመደዳው ታልፋለች። የሸሚዟ ምልክት ዛሬም ወጥቷል። እናትየው እጇን ሰደደችና አንቀጽ ሁለትን አስታውሳ መለሰችው። ሰው ፊት እንዲህ ሆና እየቆመች ነው፣ አለች በልቧ። በየዓመቱ ይሄን ፎቶ ከፍ አድርጋ ያልሆነውን ሆነ ትላለች፤ እንዲህ አድርጌ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ። የጻፈችውን ሰረዘችና ከሥሩ ጀመረች።

"ይቺ ሴት ማንንም እየመራች አይደለም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ ብላ እየዋሸች ነው። ዘጠነኛን አልጨረሰችም። ማስረጃ፣ ከጎኗ ያለችው ጓደኛዋ መሬት መሬት የምታየው ውሸቱን ስለምታውቅ ነው። ሸሚዙ ሰፍቷታል፣ የሰው ነው። አውራ ጣቷ የታሰረው ስፌት እችላለሁ ለማለት ስትለማመድ መርፌ ወግቷት ነው፤ ስፌትም አትችልም።"

እሁድ ከሰዓት ልጅቷ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ታርማለች፣ እናትየው ከፊት ለፊቷ ልብስ ትተኩሳለች። አንዱን ቀሚስ ሦስቴ ተኮሰችው። ቀዩ እስክሪብቶ ሲሄድ ሲሄድ ቆየና ቆመ። ልጅቷ አንብባ ጨረሰች፤ ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበች።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"አይጧስ?"

"የለችም።"

"እሳቱስ?"

"እሱም የለም።"

"ከክፍል አንደኛ ነበርኩ ያልሽውስ?"

"እሱ እውነት ነው" አለች እናትየው ካውያውን አስቀምጣ። "ሰባተኛ ክፍል።"

ልጅቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ሳምንቱን ሙሉ "ደህና አደርሽ"ና "ጨው አቀብዪኝ" ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። እናትየው መጋዘን ውስጥ ክር ስትቆጥር እየተሳሳተች ሁለቴ ደገመች፤ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆና አታውቅም።

ቅዳሜ ወረቀት ተመለሰ። ከአሥራ አምስት አሥራ አንድ አግኝታለች። ሁሉም ሲደመር ሃምሳ ሦስት ይሆናል፣ አልፋለች። ከመልሱ ግርጌ በቀይ "ማስረጃው ግሩም ነው። ምንጭ ግን አልተጠቀሰም፣ አራት ተቀንሷል" ይላል። ያለ ፊርማ ዚፕ የማታወጣ ሴት አራቱ መቀነሱን ልክ ነው አለች።

መምህርቷ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ያዘች። "ይሄ ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ተማሪ ሌላ ነገር ጽፏል። እኔም አምኛለሁ፤ ግን ታሪክ ያለ ምስክር አይቆምም። ማንንም አላስገድድም። ያን ቀን እዚያ ቦታ የነበረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።"

ክፍሉ ሳቀ። ማን ይኖራል ብሎ። ከኋላ መደዳ አንድ ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ እንደገና እጁን አየ። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፋ። መምህርቷ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ናት፤ ፎቶውና እናቷ በአንድ ጊዜ ይታዩዋታል።

"ቁጥር አሥራ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። የራሷን አንቀጽ አንድ የሻረችው ያን ጊዜ ነው።

"እሺ እማዬ" አለች። "ተነሺና ንገሪን።"

እናትየው ተነሳች። መጀመሪያ ግን ወደ ፊት ሄዳ የልጇን የሸሚዝ ምልክት ወደ ውስጥ ከተተች፤ ልጅቷም አንገቷን ዝቅ አደረገችላት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ "ዘጠነኛን አልጨረስኩም ነበር" ብላ ጀመረች።